ክፍል ሁለት

ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበቅሁት፣
ትናንት ማታ ኢሎኢሎ ላይ፣ በዝናብ፣ ገብቼ አየሁት።
የእህቴን የልጅ ልጅ፣ ጆሬትን፣ ይዤ፣
ሁለት ትኬት፣ አንድ ፈንዲሻ፣ ከጡረታዬ ላይ መዝዤ።

ዳጉብ ማለት በእኛ አፍ ነጎድጓድ ነው።
የተዋወቅነው በአሥር ዓመቴ፣ ናንግ ኡርሱላ ደጅ ነው፤
በልብስ መቆንጠጫ ሲባጎ ላይ የሰቀለችው
ባለ ሥዕል መጽሔት፣
ለአንድ ንባብ አሥር ሳንቲም፣ እዚያው አግዳሚው ላይ፣ ሳይወስዱት ቤት።
በመጽሔቱ መረብ ጠጋኝ ነበር፣
እግረ ሰፊ፣ ተብታባ፣ ከዓሣ ሽታ ጋር የሚያድር።
«እ-እ-እኔ» ሲል ገበያው ይስቃል፤
ሌሊት ግን ሰማዩ በእሱ አንደበት ይናገራል።

እኔም «ስ-ስ-ስሜ» ስል ክፍሉ በሳቅ የሚናድብኝ፣
መምህር ፕሩደንሲዮ «በቃ ተወው፣ ተቀመጥ» የሚሉኝ፣
ስሜን ሳልጨርስ አራተኛ ክፍልን የጨረስኩ።
ምን ላድርግ? እሱን ወደድኩ።
ሌሎቹ ጀግኖች ሁሉ አንደበተ ርቱዕ ነበሩ፣
ግንብ እየናዱ እንኳ ሳይደናቀፉ የሚናገሩ።

የመጀመሪያው ፊልም፣ እውነቱን ለመናገር፣
ሲበር የታሰረበት ሽቦ ይታይ ነበር።
ካባው የአጎበር ጨርቅ፣ ጭራቁ የመኪና ጎማ፣
ማዕበሉም የባልዲ፣ ሲንኳኳ የሚሰማ።
ግን መጨረሻው ላይ፣ ከንቲባው ፊት ቆሞ፣
አርባ ሰከንድ ሙሉ ከአንዲት ቃል ጋር ታግሎ፣ ደክሞ
(ኋላ ዘጠኝ ጊዜ ተመልሼ ቆጥሬዋለሁ)፣
ማንም ሳያቋርጠው፣ ሙዚቃ እንኳ ሳይገባ፣
ቃሏን ወለዳት። እኔም ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ፣ በእንባ።
ያ ሲኒማ ቤት ዛሬ ልባሽ ጨርቅ ይሸጥበታል፤
ስክሪኑ የነበረበት ግድግዳ ላይ ሱሪ ተሰቅሏል።

አዲሱስ?
ያምራል። አላብልም።
ደመናው ደመና ነው፣ ባሕሩ ባሕር፤ ሽቦ የሚባል የለም።
ጆሬት ሁለት ጊዜ ክንዴን ጨብጣ ጮኸች፣
አንዴ ከእኔ ራሱ፣ ሳላስበው፣ «እሰይ!» የምትል ድምፅ ወጣች፤
ሳትንተባተብ።

ግን ገና በአምስተኛው ደቂቃ
አንዲት ነጭ የለበሰች ሐኪም፣ የምስር ቅንጣት የምታህል ዕቃ
ጉሮሮው ላይ ለጠፈችለት።
«ተናገር» አለችው። እንደ ዜና አንባቢ ተንቆረቆረለት።
አዳራሹ አጨበጨበ፤ ጆሬትም።
እኔ እጆቼን ፈለግኋቸው፣ አላገኘኋቸውም።

ቅናት ነው? ለምን አይዳን?
እኔስ ያቺ ዕቃ ገበያ ብትወጣ አልገዛትም?
በዱቤ፣ ብየዳ ቤቱን አስይዤ፣ ሳልከራከር!
ሚስቴን ልጠይቃት «ታ-ታ-ታገ» ብዬ ስቀር
«አዎ» ያለችኝ ጥያቄው ሳያልቅ ነበር።
ካረፈች ስድስት ዓመቷ፤
ያ ጥያቄ እስካሁን አላለቀም።

ደግሞ አለ አንድ ቦታ፣
ከፍንዳታው ሁሉ በኋላ፣ ብቻውን፣ ማታ፣
ዕቃዋን ከጉሮሮው ይነቅልና መረቡን ይጠግናል።
ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል።
ምን ሊል እንደሆነ አይሰማም። አራት ሰከንድ።
ከዚያ ሌላ ሕንጻ ይናዳል።
ለዚያች አራት ሰከንድ ስል ሁለቱን ሰዓት ይቅር ልበለው?
ወይስ የት እንዳለች እያወቁ ስላለፏት፣ ይብሱን ልጥላው?

ስንወጣ ጆሬት «ሎሎ፣ አሁንማ ዳነ፣ አይደል?» አለችኝ።
ፈንዲሻውን ሰጠኋት።
በሩ ላይ ትኬት ቆራጯ ጃንጥላዬን አንስታ
«እንዴት አገኙት?» አለችኝ፣ በፈገግታ።
«ደ…» አልኩ። «ደ… ደ…»
«ደስ ይላል» ልል ይሁን «ደካማ ነው»፣
እኔም አላወቅሁም፤ ሁለቱም ጥርሴ ላይ ተጋፍተው።
ከኋላዬ ሰልፉ አጉረመረመ፣ አንዱ ሰዓቱን አየ።
ልጅቷ ግን ጃንጥላውን እንደያዘች፣
ዓይኗን ሳትነቅል፣ ቃሉን ሳትቀማኝ፣
ጠበቀች።